በአፌ ውስጥ የዛገው ሞላ

ጎንደር፣ ጥር 4 ቀን 1952 ዓ.ም.

ውድ አለነ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከጥርሴ በቀር ደህና ነኝ። የጥርሴን ነገር ከእናትህ ሳትሰማ ከእኔ እንድትሰማው ብዬ ነው ይችን ደብዳቤ በዐይከሉ መኪና የምልክልህ። ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ ብለህ ጽፈህልኛል። ከመላክህ በፊት ይኽን አንብብ።

ባለፈው ሚያዝያ ለሥራ ወደ ዐይከል ስትሄድ የእጅ ሰዓትህን አውልቀህ "አስቀምጭልኝ፤ አንቺን ስወስድ አብሬ እወስደዋለሁ" አልከኝ። ደስ ብሎኝ ስስቅ ደግሞ አየት አደረግኸኝና "ምን አለ ፍንጭት ብትሆኚ!" አልክ። አንተ ረስተኸው ይሆናል። እኔ ግን ቤት ገብቼ መስታወት ይዤ ተቀመጥኩ። የፊት ጥርሶቼ እንኳን ፍንጭት ሊኖራቸው ክር አያሳልፉም። እውነቱን ልንገርህ፣ አለቀስኩ።

ፒያሳ ሰዓት የሚጠግነውን አያ ክንዱን ታውቀዋለህ፤ ሙያውን ከጣሊያን የተማረውን። እያፈርኩ ችግሬን ነገርኩት። ዕድሜውን ሙሉ ይኽን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ደስ አለው።

"ምን ይቸግራል! ሰዓትም እኮ ጥርስ አለው። ቀጭን ብረት ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ።"

ቀጭን ብረት ከየት ይመጣል? አዎ አለነ፣ ካንተ ሰዓት። ሞላውን አወጣና ቁራጩን አጥፎ ከፊት ጥርሶቼ በስተጀርባ በመዳብ ሽቦ አሰረልኝ። ሞላው ሊዘረጋ በታገለ ቁጥር ጥርሶቼን ግራና ቀኝ ይገፋል፤ ሐሳቡ ይኽ ነበር። "ለመስከረም ፍንጭት ነሽ" አለኝ። የዘነጋው ነገር ቢኖር ሰዓት ውስጥ ምራቅ አለመኖሩን ነው።

በወሩ ዛገ። ብረቱና መዳቡ አልተስማሙም መሰለኝ፣ ሎሚ የነካው ነገር ስቀምስ ይነዝረኛል፤ የምበላው ሁሉ ቁልፍ ቁልፍ ይለኛል። አንድ ቀን አምልጦኝ "ይኽ ውሃ ዝገት ዝገት ይላል" ብል እናቴ ከቧንቧው ነው ብላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከቀሃ ወንዝ ቀዳች። ይኽ ዛሬም ይከነክነኛል። ድዴም ከዝገቱ የተነሣ ጠቆረ። ጎረቤታችን እትዬ አምሳል አገጬን ይዛ "እንዴት ያለ ሸጋ ንቅሳት ነው! ማን ነቀሰሽ?" ስትለኝ "አንዲት የአዘዞ ሴት" ብዬ ዋሸሁ። በማግስቱ ሴት ልጇን አስከትላ አዘዞን ስታስስ ዋለች።

ትምህርት ቤትም አላረፍኩም። ሞላው ምላሴን እያወከው ሰ ስል ያፏጭብኛል። ተማሪዎቼ አንደኛ ክፍል ናቸው፣ ምን ያውቃሉ፤ እንደ ሰሙት ያዙት። ተቆጣጣሪ የመጣ ዕለት አርባ ልጅ ባንድ ላይ ሰ ሱ ሲን ሲያፏጭለት ሰውየው ወፍ የገባ መስሎት ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ።

በዚህ መሃል ነው እናትህ የመጡት። ከእንፍራንዝ ለታኅሣሡ የአዘዞ ተክለ ሃይማኖት ንግሥ መጥተው "ውሃ ጠማኝ" ብለው ቤታችን ጎራ አሉ። እኛ ቤት እስኪደርሱ ስንት ውሃ እንዳለፉ ሁላችንም እናውቃለን። እናቴ ቆሎ አቀረበች። አፌን በነጠላዬ ከልዬ አንዲት ሽምብራ ነከስኩ። ቀጭ! ግማሹን ሞላ ዋጥኩት፤ ግማሹ እናትህ ፊት መዳፌ ላይ ወደቀ። ዝገት በልቶት ፀጉር አክሏል።

"ምነው! ከቆሎው ሽቦ ወጣ?" ብላ እናቴ ሰፌዱን ይዛ ልትለቅም ወደ ደጅ ሮጠች።

እናትህ ግን ዐይናቸውን ከአፌ አላነሡም። "እስቲ ንገሪኝ" አሉ። ሰዓቱን ሳልደብቅ ሁሉንም ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ያን ጊዜ ጥርሳቸውን አየሁት፤ እንደኔው ግጥም ያለ ነው።

"የአለነ አባት ስንት ዘመን ከዚህ ጥርስ ጋር ኖረ፤ አንድ ቀን ጎደለኝ አላለም" አሉኝ። "ቆይ፣ ለልጄ እነግርልሻለሁ።"

"እኔው ልንገረው" አልኳቸው።

"እንግዲያው ፍጠኝ። ይኽን ይዤ ከጥምቀት ወዲያ ዝም ልል አልችልም።"

ፍንጭቱስ ትል ይሆናል። ተከፍቶ ነበር። የጤፍ ፍሬ የምታሾልክ፣ የምታምር ፍንጭት ነበረች። አያ ክንዱ የቀረውን ሽቦ ካወጣልኝ በሳምንቱ ጥርሶቼ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሰው ገጠሙ። የስምንት ወር ስቃዬ ባንድ ሳምንት ተዘጋ።

መጀመሪያ በአያ ክንዱ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ ባንተ። ይበልጥ የተናደድኩት ግን በራሴ ነው። ስምንት ወር ሙሉ አፌን ሸፍኜ ነው የሳቅሁት። እወድሃለሁ አለነ፤ ባልወድህማ ብረት ስልስ አልከርምም ነበር። ሁለተኛ ግን አላደርገውም፤ ላንተም ቢሆን።

ለጥምቀት መምጣትህ አይቀርም። ጥምቀተ ባሕሩ በር ላይ ከእናቴ ጋር እቆማለሁ፤ አፌንም አልሸፍንም። ደህና አድርገህ እየኝ። ዐይንህ እዚያ የሌለ ነገር ከፈለገ ሽማግሌዎቹን አታድክማቸው፤ እኔ አልቅሼ ይወጣልኛል። እኔም አይሃለሁ። ከሄድክ ወዲህ ከስተህ፣ ወፍረህ ወይ ራስህ ተመልጦ እንደሆነ የማውቀው የለኝም። እኔ ግን ምንም አስተካክል አልልህም። እንዳለህ ና።

በሙሉ ጥርሷ የምትስቀው፣
ሸዋአየሁ ወልደ ገብርኤል