ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት

መስከረም 24 ቀን 2016
አምቦ። ዝናቡ ካቆመ ሦስት ቀኑ። የጓሮውን ሣር አጨድኩ። ከሰዓት በኋላ አብራኝ የምትኖረው የእህቴ የሲንቄ ልጅ ጃለኔ ከአዲስ አበባ መጣች። የመርከብ ሞተር ትምህርቷን ጨርሳ የቀራት የቃል ፈተናው ብቻ ነበር። ወደቀች።
አንድ ዕድል አላት፣ ጥቅምት 20። ያን ካላለፈች መርከብ ላይ የተያዘላት ቦታ ለሌላ ሰው ይሰጣል።
ብዙ አልጠየቅኳትም።

መስከረም 25
ዛሬ ራሷ ነገረችኝ። ጥያቄው፦ መርከቡ ወደብ ላይ ቆሟል፤ ዋናውን ሞተር ለማስነሣት አዘጋጂ። የቅባት ዘይቱን ፓምፕ አስጀመረች፣ የማቀዝቀዣውን ውሃ አሞቀች... ሁሉንም በቃሏ። መሀል ላይ ፈታኙ፣ ጠጉራቸው የነጣ ሰው፣ "በቃ ልጄ፣ ካፒቴኑ ቸኩሏል፣ አስነሺው" አሏት።
"እሺ አልኩ።"
"ለምን?"
"ሽማግሌ ናቸዋ፣ ኤሱማ! እንዴት እምቢ ልበል?" አጎቷን እኔን ኤሱማ ነው የምትለኝ።
ፈተናው እሱ ኖሯል።

መስከረም 27
የዘለለችውን አስረዳችኝ። ሞተር ቆሞ ሲቆይ ሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ ሊጠራቀም ይችላል። ውሃ አይታመቅም። ውሃው እያለ ካስነሡት ብረቱ ይጎብጣል፣ ሰውም ይጎዳል። ስለዚህ በየሲሊንደሩ ራስ ላይ ያለችውን ትንሽ ቧንቧ ከፍቶ፣ ሞተሩን በማዞሪያ ማርሽ ቀስ አድርጎ አንድ ሙሉ ዙር ማዞር፣ የሚወጣ ነገር እንዳለ ማየት። ከዚያ ማርሹን ማላቀቅ።
"ብዙ ጊዜ ምን ይወጣል?"
"ምንም።"
ሠላሳ ዓመት ጋዜጣ ቤት ሠራሁ። ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀ ነው ስባል ሳላጣራ የለቀቅኩት ዜና... ስንት ይሆን?

ጥቅምት 2
ልምምድ። ካፒቴኑ እኔ። "አስነሺ!" ስላት ትስቃለች። ካልሳቀች ደግሞ "እሺ" ትላለች። ስድስት ጊዜ።
ሲንቄ ከጓዳ፦ "አስጠናት ብልህ፣ ልጄን ባለጌ ልታደርጋት ነው? ታላቅን እምቢ ማለት ነው ትምህርቱ?"


ጥቅምት 8
እኔን አትፈራኝም፣ ችግሩ ይህ ነው። ጎረቤታችንን ኦቦ ሆርዶፋን ለመንኩ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ የሰፈሩን ጠብ ሁሉ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ካፒቴን ይሁኑልን ስላቸው ደስ አላቸው። ኮታቸውን ለብሰው መጡ።
ጃለኔ ጀመረች። ዘይት፣ ውሃ፣ የአየር ግፊት...
"በቃ! አስነሺ!"
ከመቀመጫዋ ተነሣች፣ ሽማግሌ ሲገባ እንደምንነሣው። አንገቷን ደፍታ፦ "ኦቦ፣ ገና አላዞርኩትም። አላስነሣም።"
"እኔ እያዘዝኩሽ?"
"አዎ፣ ኦቦ።"
"ማነሽ አንቺ! አባትሽን ያዘዝኩ ሰው ነኝ!"
ጨዋታ መሆኑን ረሱት። የምር ተቆጡ። ጃለኔ ቆማ ቀረች። ሻዩን ሳይቀምሱ ወጡ።

ጥቅምት 9
ጠዋት ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ኦቦ ሆርዶፋ በር ላይ ነበሩ።
"ልጅቱስ?"
"ስታለቅስ አመሸች።"
"ሞተሩንስ?"
"አላስነሣችም።"
"እንግዲያ ትሂድና ትፈተን" አሉኝ።

ጥቅምት 20
አለፈች። ሌላ ፈታኝ፣ ያው ማጣደፍ። ቆማ መለሰች።

ታኅሣሥ 3
ወደ መርከቧ ሄደች። ሲንቄ ቀኑን ሙሉ ቤት ስታጸዳ ዋለች።

የካቲት 11
ጃለኔ ደወለች። የትኛው ወደብ እንዳለች አልሰማሁም፤ ድምፁ ይቆራረጣል። ሲንቄም እንድትሰማ ከፍ አደረግኩት።
ዛሬ ጠዋት መርከቡ ሊነሣ ሲል የሞተር ክፍሉ አለቃ ጊዜ የለም፣ ማዞሩን ተዪውና አስነሺ ብሏታል። እምቢ ብላለች።
"ስንት ደቂቃ አስጠበቅሽው?"
"አሥራ ሁለት።"
"ምን ወጣ?"
"ምንም፣ ኤሱማ። ደረቅ ነበር።"
"አለቃሽስ?"
"ሰው ፊት ጮኸብኝ። እስካሁን እንዳኮረፈ ነው።"
"ነገ ቢያዝሽስ?"
"ነገም አዞረዋለሁ።"
ስልኩ ተቋረጠ። ሲንቄን አየኋት። ልትቆጣ ነው ብዬ ነበር።
"ያኩርፋ!" አለች።