በማርቆስ ላይ የጨመርኩት ሁለት ዓመት

አስቱዬ፣

ካረፍሽ ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ አስቀይሬዋለሁ፤ ልጃችን ማርቆስ በቁመት በልጦኛል። ይህን ሁሉ ተረጋግቼ ልነግርሽ ነበር ያሰብኩት፤ አሁን ግን ፈርቼ ነው የምጽፍልሽ።

ልጃችን ታደለች አዲስ አበባ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ገብቶ ፕሮግራም መጻፍ እየተማረች ነው። ለፋሲካ እዚህ ሆሳዕና ከተማ ስትመጣ ደብተሯን ይዛ አስጠናችኝ። ተለዋዋጭ የሚሉት በኮምፒዩተሩ ውስጥ ስም የተሰጠው ቦታ ነው፤ አዲስ ዋጋ፣ ቁጥር በይው፣ ሲገባበት የቀድሞው ይጠፋል። ቋሚ ግን ዋጋው አንዴ ከመነሻው ይሰጠዋል፤ ከዚያ ሊለውጡት ቢሞክሩ ማሽኑ እምቢ ይላል። የአንድ ሰው የልደት ዓመት ቋሚ ነው፤ ዕድሜው ከእሱ እየተሰላ በየዓመቱ ይለወጣል። እኔም ቋሚ ማለት እውነተኛ ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ልጅሽ ሳቀችብኝ። «አይ አባዬ፣ ማሽኑ እውነቱን በምን ያውቃል? ስህተት ከሰጠኸው ስህተቱን ነው የሚጠብቅልህ» አለችኝ።

ትናንት ከቀበሌ ወረቀት መጣ። ማርቆስ አሥራ ስምንት ዓመት ስለሞላው ሰኞ ለብሔራዊ ውትድርና ቀርቦ ይመዝገብ ይላል። ዕድሜውን የወሰዱት ከትምህርት ቤት መዝገብ ነው። መዝገቡን የሞላሁት እኔ ነኝ።

ሞርሲቶ ትምህርት ቤት ሳስተምር፣ እጁ በራሱ ላይ ዞሮ ጆሮውን ያልነካ ልጅ ሰባት አልሞላውም ተብሎ ይመለስ ነበር። ማርቆስ አምስት ዓመቱ ነበር፤ አልደረሰለትም። አንቺ አንገቱን ዘንበል አደረግሽለት፣ ጣቱ ጆሮውን ነካ፣ ሳቅን። ለተማሪ ግማሽ ነጥብ ጨምሬ የማላውቀው ሰውዬ የልደት ዓመቱን ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ስቤ በቀለም ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ስሌቱ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። የተሳሳተው መነሻው ነው።

ልጁ ገና አሥራ ስድስት ነው፣ አስቱዬ። ባለፈው ዙር ከሰፈራችን ከሄዱት ደብዳቤ የጻፈ የለም።

ዳምቦያ ያለችው እህትሽ ዘንድ ላሸሸው አስቤ ተውኩት፤ ቢያዝ ይብስበታል። ሰኞ ከእሱ ቀድሜ ቀበሌ እገባለሁ፤ መዝገቡን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብዬ እፈርማለሁ። ሊያስሩኝ ይችላሉ። የበለጠ የምፈራው ግን እንዳያምኑኝ ነው። ቤት ስለወለድሽው የሐኪም ወረቀት የለንም፤ አዋላጇም ሞታለች፤ ጎረቤቱም ስለ ገዛ ልጁ እየፈራ ማን ይመሰክርልኛል? የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ስለዚህ የተወለደባትን ቀን፣ ዝናቡን፣ ስታቅፊው ያልሽውን ሁሉ በልቤ እየደጋገምኩ ነው፤ ፍርሃቱ እንዳያስረሳኝ። አንቺንም እሱንም እንደነበራችሁ አስታውሳለሁ። ከእንግዲህ አንድም አልጨምርም፣ አንድም አልቀንስም።