ድምፁን ያባከነው የእድር አባል

ለተከበሩ አቶ ፀሐዩ ወልደአምላክ
የእድራችን ሊቀመንበር
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎም፣ ከምርጫው ወዲህ ጠፋ የተባለው እንቅልፍዎም እንደተመለሱልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ቤት፣ በመጪው እሑድ ስብሰባ ከእድሩ ልንሰረዝ መሆኑን ከመስማታችን በቀር፣ ሁሉም ደህና ነው። በአደባባይ የምጽፍልዎ ከቴሌግራም ግሩፑ በአክብሮት ስላስወጡኝ ነው።

አንደኛ፣ ከካውንቲው፣ ማለትም ከአውራጃችን፣ ምክር ቤት ምርጫ በፊት በተሰበሰብን ጊዜ፣ የድንኳኑና የወንበሩ ጉዳይ እንዳለቀ፣ ማንን እንደምንመርጥ እጅ አውጥተን እንድንወስን ስላደረጉ አመሰግናለሁ። እዚህ አገር ድምፅ በምስጢር ይሰጣል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ እርስዎ ከዚህ ሁሉ ጭንቀት ገላገሉን። ቤቱ በሙሉ ለእርስዎ እጩ እጁን ሲያወጣ የእኔ እጅ ጉልበቴ ላይ መቅረቱንም ሳያዩ አላለፉም።

ሁለተኛ፣ ለሦስተኛዋ እጩ ለሜሮን የሚሰጥ ድምፅ ባክኖ እንደሚቀር አስረድተውናል። የእኛው ልጅ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ጎበዝ መሆኗን አልካዱም፤ ጎበዝ ናት ግን አታሸንፍም አሉ። አታሸንፍም ተብላ ስለተተወች አላሸነፈችም፤ ትንቢትዎም ሰመረ። አገር ቤት ሳለን የሚመረጠው አንድ ብቻ ነበር፣ እዚህ ሁለት ሆኑልን፤ እስከ ሦስት መቁጠር ጥጋብ መሆኑን ስላስተማሩን እግዜር ይስጥልን።

እኔ ግን ድምፄን ለእሷ ሰጠሁ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። የሕንፃችን ሊፍት ከተበላሸ ወዲህ አማቴ እማማ ብርሃነሽ ከስድስተኛ ፎቅ ወርደው አያውቁም። ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች የሚያብረቀርቅ ወረቀት በፖስታ ላኩልን። ሜሮን ግን ደረጃውን ወጥታ፣ እያለከለከች በራችንን አንኳኳች፤ እማማ አጠገብ ተቀምጣም በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ችግራቸውን ጠየቀች። ሊፍቱ ዛሬም አልተሠራም። ቢሆንም ጠያቂ ያገኘነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሦስተኛውን በቀልድ ልሸፍነው ብል እምቢ አለኝ። እርስዎ የደገፉት ሰው በጥቂት ድምፅ በተሸነፈ ሰሞን የእናቴ መርዶ መጣ። ልቅሶ ሊደርሱኝ መጥተው፣ እግዜር ያጽናህ ካሉኝ በኋላ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ምርጫውን ያስበላኸን አንተ ነህ አሉኝ። እናቴን ላለቅስ በተቀመጥኩበት ስለ ድምፄ ይቅርታ አስጠየቁኝ። ይህ አሁንም ያንገበግበኛል።

የእኔ መሰረዝ ግድ የለም። እማማ ብርሃነሽ ግን፣ መዋጮ ሳያጓድሉ፣ በእግራቸው በሚሄዱበት ዘመን ከአንድ ቀብር ሳይቀሩ የኖሩ ሴት፣ በሰው አገር ማን ይቀብረኛል እያሉ ይጠይቁኛል። እሳቸው መውረድ ስለማይችሉ፣ ከእሑዱ ስብሰባ በፊት እርስዎ ስድስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው ዓይናቸውን እያዩ ቢመልሱላቸው እንዴት ያለ ውለታ በዋሉልን።

ለዴሞክራሲ ስላሳዩት አባታዊ ጥንቃቄ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣
እስኪሰርዙኝ ድረስ ታዛዥ አባልዎ፣
ወንድሜነህ ገላው

ማስታወሻ፦ ያን ዕለት እጃቸውን ካወጡት አንዳንዶቹ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ግራ ቀኝ አይተው፣ እነሱም የመረጡት ሜሮንን መሆኑን ሹክ ብለውኛል። ስማቸውን ከእኔ አይሰሙም። ጠርጥረው ሁሉንም ሊሰርዙ ካሰቡ ግን፣ የእርስዎን ሬሳ የሚሸከሙ ጥቂት ሰዎች ቢያስቀሩ ይበጅዎታል።