የእንቁራሪቶቹ ኩሬ

ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ፤ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ።

የወንድምህ መርዶ ከማዕድን ማውጫው የመጣ ዕለት፣ በጸሎት ቤቱ ግቢ ለንቦች የሚሆን አበባ እየተከልን ነበር። አሁን ፈክቷል፤ ንቡም ወፉም አይጠፋም። ትናንት አትክልተኛው ለእንቁራሪቶች ኩሬ ሲቆፍር እስከ ወገቡ ገባ። ሳላስበው እጁን ይዤ "ውጣ!" ብዬ ጮህኩ።

"አይዞዎት እማማ፣ የእንቁራሪት ቤት ነው፤ የእኔ ገና ነው!" ብሎ ሳቀ። እኔ ግን እስኪወጣ አልለቀቅኩትም።

በወንድምህ ቦታ ሥራ መጀመርህን ጽፈህልኛል። እሰየው፣ ሥራ ነው። ኩሬው ዳር የሚተከል አንድ ችግኝ አስቀርቼልሃለሁ፤ ሌላ ሰው አይነካውም።

ይህን ከጓደኞችህ ጋር ስታነቡ ለወንድምህ ነፍስ ጸልዩለት። ብቻ ስትጸልዩ ከላይ ሆናችሁ፣ ሰማይ እያያችሁ ይሁን።

እናትህ