ዝይዋን ያቀፈችው ልጅ

ውድ ወንድሜ ክሊፍ፣

«ይቺን ልጅ ምን ዋጣት? ብዕሯ ደረቀ ወይስ ዩኒቨርሲቲ ጨረስኩ ብላ ኮራችብን?» ሳትል አልቀረህም። ኧረ አልኮራሁም። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ብርድ ሲነካው የሚያስነጥስህ አፍንጫህ እዚያ አውስትራሊያ ፀሐይ ላይ ተሻለው? ሚስትህ ጁንስ ከወለደች ወዲህ እንቅልፍ አገኘች? ባሪ አሁንም ጫማ አላደርግም እያለ ያስቸግራል? እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ግን ፈርቻለሁ፣ ክሊፍ። አባዬ ሆስፒታል ከገባበት ቀን ወዲህ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

በፀደይ እንደጻፍኩልህ ፊልም ሥራ ላይ ረዳት ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ፊልሙ የተወሰደው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ከተጻፈ፣ እኛም ክፍል ውስጥ በክብር ከተማርነው ልብ ወለድ ነው። እማዬ ይህን ሰምታ «የእኔ ኦድሪ የትልቁን መጽሐፍ ፊልም እየሠራች ነው» ስትል ከረመች። መጽሐፉን ግን አላነበበችውም። ከአልጋ ወደ አልጋ የሚዘል ጎረምሳ ታሪክ መሆኑን እኔም አልነገርኳትም።

አንድ ቦታ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ሠራተኛ የሆነች ልጅ ጌታዋ ድንገት ሲገባባት በመስኮት ትዘላለች። የሌሊት ቀሚሷን ሚስማር ይዞ ያስቀረዋል። ራቁቷን ግቢውን ስታቋርጥ ያገኘችውን ዝይ አፈፍ አድርጋ፣ በእሷ ገላዋን ከልላ ትሮጣለች። ተዋናይቷን ዝይዋ ጣቷን ነክሳት፣ «ከዚህ አውሬ ጋር አልሮጥም!» ብላ አልቅሳ ሄደች። አዘጋጁ ሚስተር ትሬልፎል «እዚህ ሁሉ ሰው መሃል ዝይ መያዝ የሚያውቅ የለም?» ብሎ ጮኸ። እኔ ቀባጣሪዋ እጄን አወጣሁ።

ምን እንደሚፈልግ ሲገባኝ «ጌታዬ፣ እናቴ የጸሎት ቤት ሰው ናት» አልኩት። ሳቀብኝ። «አንቺ የተማርሽ ሞኝ! ይህን ማን ያየዋል? ሳንሱሩ አንድ ነገር ካልቆረጠ ለደሞዙ የሠራ አይመስለውም። ስለዚህ አጥንት እንወረውርለታለን። እሱን ሲግጥ ሥጋችንን ይተውልናል። አጥንቷ አንቺ ነሽ» አለኝ። ሌሎቹም «ሁሌም እንደዚህ ነው፣ አይዞሽ» አሉኝ። በዚያ ላይ ለሚቀጥለው ፊልም ከእሱ ጋር ለንደን እንደሚወስደኝ ተስፋ ሰጥቶኝ ነበር፤ ጉጉት ዓይኔን ጋረደውና ሮጥኩ።

ሳንሱሩ ምን አደረገ መሰለህ? የጳጳሱን ቀልድ ቆረጠ፣ የግብዣውን ትዕይንት ቆረጠ፣ ዝይዋን ተዋት! ጭራሽ እንባው እስኪፈስ ስቆ «እስቲ ድገሙልኝ» አለ አሉ። ሚስተር ትሬልፎል «እንኳን ደስ ያለሽ፣ አጥንቷ!» አለኝ።

ካሜራው የሚያሳየኝ ከኋላ ስለሆነ ፊቴ አይታይም። ግን አባዬ ዝይ አያያዝ እንዴት እንዳስተማረን ታስታውሳለህ፤ አንገቷን ወደ ኋላ፣ በብብት ሥር። እኔ ስሮጥ የዝይዋ ጭንቅላት ከብብቴ ሥር ወጥቶ ተመልካቹን እየተሳደበ ይሄዳል። በከተማችን እንዲህ የሚይዝ የእኛ ቤት ሰው ብቻ ነው። ይህን የሚያውቁ ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ እማዬ፣ ሌላዋ የፓስተሩ ሚስት ሚስስ ኦግደን። በየገናው ከጓሯችን ዝይ ስትመርጥ «ይቺ ልጅ እንደ ሕፃን ታቅፋቸዋለች» ትል አልነበር?

ፊልሙ ቅዳሜ እዚህ ይታያል። እማዬ የጸሎት ቤቱን ሴቶች አንድ ሙሉ ረድፍ አስይዛ፣ ሚስስ ኦግደንን መሃል ላይ ልታስቀምጥ ነው። እኔም ላስቀራት ሮጬ መጣሁ።

«እማዬ፣ ፊልሙ ረጅም ነው፣ ወገብሽን ያምሻል» አልኳት።

«ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የቆመ ወገብ ቁጭ ብሎ ፊልም ማየት ያቅተዋል?»

«ትንሽ ብልግና ነገር አለበት…»

«መጽሐፍ ቅዱስስ ዳዊትን ሰገነት ላይ አላሳየንም? ትልቅ መጽሐፍ ነው ብለሽ የለም እንዴ!»

ክሊፍ፣ አባዬ ከሞተና አንተ ከሄድክ ወዲህ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትገባበት ያ ጸሎት ቤት ብቻ ነው። በእኔ የተነሳ አንገቷን ደፍታ ስትወጣ ይታየኛል። እንጀራዬን ትቼ የምጠፋበት ጉድጓድ ባገኝ እገባበት ነበር።

ዛሬ ከገበያ ስትመለስ ኮፍያዋን ሳታወልቅ «ሲኒማ ቤቱ መስታወት ላይ ፎቶ ሰቅለዋል» አለችኝ። «አንዲት ልጅ በጀርባዋ ትታያለች፣ ዝይ አቅፋ። ለብርዱስ አላሰበችም። አያያዟ ግን ደህና ነው። አባት ያስተማራት ናት።» ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሻይ መጣድ ጀመረች። ስኒዎቹን እያወረደች ደግሞ «የሚስስ ኦግደን መነጽር ላልቶ ነበር። ላሠራልሽ ብዬ ተቀበልኳት። ሠሪው እስከ ሰኞ አይደርስም አለኝ» አለች።

አልሳቀችም። ዞራም አላየችኝም። መነጽሩን ግን የብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ስትደብቀው አይቻለሁ፤ የላላም የተሰበረም ነገር የለውም።

ይህ ይቅርታ ነው ወይስ ቁጣዋን ለሰኞ ቀጥራልኝ ነው? ዝምታዋን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ቅዳሜም ሰኞም አልፈው ይሆናል፤ እኔ ግን ቅዳሜ ከጎኗ እቀመጣለሁ፤ አልጠፋም።

ጁንን ሰላም በልልኝ አልልህም፣ አንተው ሳምልኝ። ባሪን አክስትህ ጫማህን አድርግ ብላሃለች በለው። ገና ያላየኋትን ትንሿን ሊን እግሯን ሳምልኝ። ጎረቤታችሁን ሽማግሌውን ሚስተር ዳውድንም ሰላም በልልኝ። እባክህ ለእማዬ ቶሎ ጻፍላት፣ «ፊልሙ እንዴት ነበር?» ብለህ ጠይቃት። የምትመልስልህን ቃል በቃል ገልብጠህ ላክልኝ፤ ለእኔ አትነግረኝም።

የምትወድህ እህትህ
ኦድሪ

ክራግሾ፣ ላንካሺር
ሐሙስ፣ ኦክቶበር 10 ቀን 1963