ለወለቴ የሰጠሁት ምክር

ይድረስ ለልጄ ለኑሃሚን፤

ያለሽበትን አገር ፈጣሪ የሰላም ያድርግልሽ። ጡቷን የታመመችው እናትሽ ናት ብለው ነግረውሻል አሉ፤ ስህተት ነው። እኔ ደህና ነኝ። የታመመችው ጥጥ የምትፈትልልን የደጋው መንደር የኦቾሎዋ ወለቴ ናት።

አምና ከመስቀል በኋላ መጥታ ጡቷ ላይ ያለውን እብጠት አሳየችኝ። «እትዬ፣ ሐኪሙ በቀዶ ጥገና ይውጣ ይላል። እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ ምን ይሉኛል?» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ሳይንስ ያስተማርኩ እኔ፣ ሰፈር ውስጥ የሰማሁትን ደገምኩላት፦ «ቢላ ከነካው ይበተናል፤ ተዪው።» መርቃኝ ሄደች።

ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል አብሬያት ገባሁ። ሐኪሟ ወረቀት ላይ እየሳለች አስረዳችኝ። የካንሰሩ ሴሎች ለመበተን ቢላ አይጠብቁም። ከእብጠቱ እየተላቀቁ ብብት ሥር ወዳሉት ዕጢዎች ይሄዳሉ፤ በደም ሥርም ተጉዘው ሳንባና አጥንት ውስጥ ይሰፍራሉ። ወለቴን አጥንቷ ውስጥ ገብተውባታል። ቀዶ ጥገናው በጊዜው ተደርጎላት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሳይሰራጩ ይቀደሙ ነበር። እሷ ግን ስንወጣ «እትዬ ባይኖሩልኝ ማን ይዞኝ ይመጣ ነበር?» ብላ እጄን ሳመችኝ። እኔም እውነቱን ሳልነግራት ወደ ኦቾሎ አሳፈርኳት።

አንቺም እባክሽ ተመርመሪ፤ ሐኪም የሚልሽን እንጂ እኔ የምልሽን አትስሚ። እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።

ነገ በመጀመሪያው የጠዋት መኪና ኦቾሎ እወጣለሁ። ወለቴን ለብቻዋ አግኝቼ፣ ምክሬ ስህተት እንደነበረና ያዘገያትም እሱ እንደሆነ እነግራታለሁ። ከዚያ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ብትረግመኝም ለመድኃኒቷ ቀጠሮ ይዣት እወርዳለሁ።

እናትሽ ጸዳለ