ዶርቃ ያልሰጠችው ኢንሱሊን

ውድ ዶርቃ፣

እንዴት ነሽልኝ? ትምህርቱስ? ጅማ ዝናቡ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ፣ ወፍራም ልብስ ይዘሽ ይሆን ብዬ ተጨነቅሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ይጠዘጥዘኛል።

በስልክ ልጽፍልሽ ጀምሬ ጣቴ የማይሆን ፊደል እየነካ አስቸገረኝ። ደግሞም ፊት ለፊት ያልነገርኩሽ ነገር ስላለ ወረቀት ይሻለኛል።

መጀመሪያ መድኃኒት ቤቴ የመጣሽ ቀን ብዙም አልጣምሽኝም። በቴሌግራም ዳይፐርና የሕፃን ልብስ የምትሸጪ ልጅ፣ “ጋሼ፣ ደንበኞቼ መድኃኒትም አምጪልን እያሉኝ ነው፤ ለምን አብረን አንሠራም?” አልሽኝ።

“መድኃኒት እንደ ዳይፐር አይደለም” አልኩሽ።

አልተቀየምሽም። በማግስቱ ጥያቄ ይዘሽ መጣሽ። የትኛው ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሰጥም? የትኛውን ሙቀት ያበላሸዋል? ከማን ነው የሚገዛው? ሐሰተኛው በምን ይታወቃል? እስክዘጋ ታስለፈልፊኝ ነበር። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ያን ያህል አውርቼ አላውቅም።

ከዚያ የደንበኛዬ የእማማ ፅጌረዳ የኢንሱሊን ጉዳይ መጣ። ልጃቸው በማዘዣ ገዝቶ ወደ ሥራው ሲቸኩል፣ “እኔ አደርስላቸዋለሁ፤ እንሞክረው” ብለሽ በረዶ ያለበት ሳጥን አቅፈሽ ዕቃሽን ከሚያደርስልሽ ከግዛው ሞተር ኋላ ተቀመጥሽ። መንገድ ላይ ሞተሩ ቆመ። ያ ሁሉ ፀሐይ! ስትደርሱ በረዶው ውኃ ሆኖ፣ ውኃውም ሞቆ ነበር። የሆነውን የነገረኝ ግዛው ነው።

“ግዴለም ልጄ፣ ስጪኝ፤ ያለኝ አልቋል” አሉሽ እማማ።

“ይቅርታ እማማ፤ ምን ያህል እንደሞቀ አላውቅም። ይሄን አልሰጥዎትም።”

በታክሲ ተመልሰሽ፣ ላብሽን እንኳ ሳትጠርጊ፣ “ጋሼ፣ ሌላ ይስጡኝ፣ ቶሎ!” አልሽ። የመርፌያቸው ሰዓት ሳያልፍም አደረስሽላቸው። ሌላውን ይዘሽ ከመድኃኒት ቤቴ ስትወጪ፣ ‘ይቺ ልጅ መድኃኒት በእጇ ቢገባ አልሰጋም’ ብዬ ነበር። በልቤ። ላንቺ አልነገርኩሽም።

ፈቃድ ልንጠይቅ የሄድን ቀን ትዝ ይልሻል? የፈቃድ ክፍሉ ሰውዬ፣ “የእርስዎ ፈቃድ ለመደብሩ ብቻ ነው። ቤት ለቤት ለማድረስ ማቀዝቀዣ ያለው ማጓጓዣና ለዚያ ሥራ ብቻ የሚቀመጥ ፋርማሲስት ያስፈልጋል” አለን። ከቢሮው እንደወጣን ተስፋ የቆረጥሽ መስሎኝ ሻይ ጋበዝኩሽ። አንቺ ግን ገና ሳትቀምሽው፣ “ፋርማሲ ልማር ነው ጋሼ” አልሽኝ። የደራ ገበያ ትተሽ! ሳቅሁብሽ መሰለሽ እንጂ፣ ዕንባዬ እንዳይታይብኝ ነው የሳቅሁት።

የቴሌግራም ሱቅሽ አልተዘጋም። ግዛው ያደርሳል፤ ትእዛዝ የምቀበለው እኔ ነኝ። አንዷ እናት፣ “እህት፣ ቁጥር ሦስት ዳይፐር አለሽ?” ብላ ጻፈችልኝ። “አለኝ እህቴ” አልኳት። ምን ላድርግ!

ብሩኬ፣ “አባዬ፣ መድኃኒት ቤቱን አከራይና ዕረፍ” እያለ ይጨቀጭቀኛል። እምቢ ብዬዋለሁ። ባለፈው ሳምንትም ፈቃዴን ላሳድስ ሄጄ ያንኑ ሰውዬ አገኘሁት።

“ያቺ ልጅ ተወችው እንዴ?” አለኝ።

“እየተማረች ነው። ስትጨርስ አብረን እንመጣለን።”

“ለመሆኑ ምንዎ ናት?”

ሸሪኬ ልለው አስቤ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን “ልጄ” የሚል ነው። ሰውየውም አመነኝ።

ሳላስፈቅድሽ ነውና፣ ቅር ካለሽ ጻፊልኝ። ቅር ባይልሽም ጻፊልኝ።

ጋሽ ነጋ
ከላፍቶ